ከተማውን ለጋኔን የሰጠው ማን ነው?

ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ባዶ ቤት ብቻውን እንዳይገባ ሲነገረው ኖሯል። በክርስቲያኑ ቤት «ጋኔን አለበት» ይባላል፤ በሙስሊሙ ቤት «ጅን ሰፍሮበታል» ይባላል፤ ነገሩ ያው ነው። ቀትር ላይ ወንዝ ዳር አትቁም። ፈርሶ ከቀረ ግንብ ሥር አትተኛ። የፈጣሪን ስም ሳትጠራ የፈላ ውሃ ደጅ አትድፋ፤ የማይታየውን ልጅ ታቃጥላለህ። ደሴ ፒያሳ ቡና ይዘው የተቀመጡ ሁለት አዛውንቶች አንዱ «በስመ አብ» ሌላው «ቢስሚላህ» ብለው ይጀምሩ እንጂ፣ የዚህ ጨዋታ ሲነሳ የሚያወሩት ታሪክ አንድ ነው።

ይህን ወግ ተረት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ችግሩ ነገሩ ባዶ ቤት ላይ አለመቆሙ ነው። በአገራችን ሙሉ ከተማ ለማይታይ ፍጡር ተሰጥቷል። ጎዳና ያለው፣ መስጊድ ያለው፣ መቃብር ያለው፣ ገበያ የቆመበት ከተማ። ማን ሠራው ሲባል የሚመጣው መልስ ጅን፣ ጋኔን፣ ወይም ቁመቱ ከሰው ሁሉ የረዘመ፣ ፈጣሪ የተቆጣው ሕዝብ ነው። ሠሪው ሰው እንደነበረ የሚነገረው ዘግይቶ ነው፤ ጭራሽ የማይነገርበትም ቦታ ብዙ ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ጥያቄ ይኸው ነው። እነዚህን ከተሞች ከሠሯቸው ሰዎች እጅ ነጥቆ ለጋኔን የሰጠው ማን ነው? ይህ አሰጣጥስ ዛሬ እኛን ምን አስከፈለን?

▪️ ከፒያሳ ቁልቁል

ከደሴ ፒያሳ ተነስታችሁ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢት እያለ የአዲስ አበባው መንገድ ይቀጥላል። በዚህ መንገድ ስትሄዱ በስተግራችሁ መሬቱ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። አማራ፣ አርጎባ፣ ኦሮሞና አፋር ጎን ለጎን የሚኖሩበት አገር ነው። ወደ ሸዋ ሮቢት ሲቃረብ ያለው ክፍል በታሪክ ይፋት ይባላል።

በዚህ ቁልቁለት ላይ፣ ከዋናው መንገድ ርቆ፣ ቁጥቋጦ የዋጣቸው የድንጋይ ከተሞች አሉ። ፍራንሷ ዣቪዬ ፎቬልና በርትራን ሂርሽ የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ ጀምሮ አካባቢውን እየዞሩ አጥንተዋል። አስበሪ፣ መሳል፣ ኖራ፣ በሪ ይፋት የሚባሉትን ቦታዎች ለዓለም ያስተዋወቀው ይህ ሥራ ነው። በድንጋይ የተካቡ ቤቶች፣ በቤቶቹ መካከል የሚያልፉ ጠባብ መተላለፊያዎች፣ ወደ መካ አቅጣጫ የሚያሳየው ሚሕራብ የሚለይባቸው መስጊዶች፣ ሰፋፊ የመቃብር ሥፍራዎች ተገኝተዋል።

እነዚህን ፍርስራሾች ማን ሠራቸው ሲባል በአካባቢው የሚሰማው ስም «ሐርላ» ነው፤ በአንዳንዱ አፍ «አርላ»። ሐርላ ማለት በወጉ መሠረት ግዙፍ ሕዝብ ነው። እኛ ዐሥር ሆነን የማንነቀንቀውን ድንጋይ አንዱ ብቻውን ያነሳ ነበር ይባላል። ሀብት በዛለትና ኮራ፤ ሲኮራ ፈጣሪ ተቆጣውና በረሃብ አጠፋው። የቀረው ድንጋዩ ነው፤ በድንጋዩ ውስጥ ደግሞ የሚኖረው ሌላ ነው። ይኸው ስም ከይፋት ተነስቶ እስከ ጨርጨር፣ ሐረርና ድሬዳዋ ድረስ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ አገር ባለቤቱ የጠፋ የድንጋይ ግንብ ከታየ መልሱ ሐርላ ነው።

▪️ ጋኔን ግብር አይገብርም

አሁን ወረቀቱን እንመልከት። እነዚህ ከተሞች በነበሩበት ዘመን የተጻፈ ነገር አለ።

የይፋት ገዥዎች ወላስማ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1285 የወላስማው ዑመር ከሱ በፊት በሸዋ የነበረውን የመኽዙሚዎችን ሱልጣኔት አጥፍቶ ቦታውን ያዘ። ከዚያ በኋላ ወደ 60 ዓመት ገደማ ቆይቶ በግብፅና በሶርያ የማምሉክ መንግሥት ጸሐፊ የነበረው አል ዑመሪ ስለ ሐበሻ ሙስሊም ግዛቶች ጻፈ። ይፋትን ጨምሮ ሰባት ግዛቶችን በስም ይዘረዝራል። ይፋት 15,000 ፈረሰኛና 20,000 እግረኛ ያሰልፋል ይላል። እነዚህ ግዛቶች ለክርስቲያኑ ንጉሥ በየዓመቱ ግብር እንደሚያስገቡም ይናገራል፤ ከግብሩ መካከል ከግብፅ፣ ከየመንና ከኢራቅ የመጣ ሐርና በፍታ አለበት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ግብር የሚቀበል ጋኔን በየሠፈራችን ሰምተናል፤ ቀይ ዶሮ ጠየቀ፣ ገብስማ ዶሮ ጠየቀ ሲባል ኖሯል። ግብር የሚያስገባ ጋኔን ግን ማንም ሰምቶ አያውቅም። ግብር ያስገባው የሚያርስ፣ የሚነግድ፣ ከዘይላ ወደብ ሐር በግመል የሚያስጭን ሰው ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከተቃራኒው ወገን ይመጣል። ዐፄ ዓምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1332 ገደማ በይፋቱ ሰብረዲን ላይ ዘመቱ። የዘመቻው ዜና መዋዕል በግዕዝ ተጽፎ ቆይቶናል። ጸሐፊው ጠላቱን ሲያወግዝ አንድ አስገራሚ ዝርዝር ያስገባል። ሰብረዲን ሲፎክር የንጉሡን መናገሻ ይዤ ጫት እተክልበታለሁ አለ፤ ሙስሊሞች ጫት ይወዳሉና ይላል። የኢትዮጵያን የጫት ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት ቦታ ይህ ነው። ከ700 ዓመት በፊት የነበረ የይፋት ሰው ምን ይወድ እንደነበር ጠላቱ መዝግቦልናል። ከሚሴ ገበያ ቆሞ ዙሪያውን ያየ ሰው ይህ ፍጡር ከሌላ ዓለም ነው ብሎ አይጠራጠርም።

ሦስተኛው ማስረጃ ድንጋዩ ራሱ ነው። በሪ ይፋት ላይ የወላስማ ቤተሰብ መቃብሮች ተገኝተዋል፤ በዓረብኛ ተቀርጾባቸዋል። የሰው ስም አለ፣ የአባት ስም አለ፣ ጸሎት አለ። ባለቤቱ ጠፋ የተባለው ከተማ ባለቤቱን በድንጋይ ላይ ጽፎ አስቀምጦ ነበር። ያጣው አንባቢ ነው።

▪️ ግዙፎቹ ሲለኩ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ሐርላ የሚባል መንደር አለ። የአካባቢው ገበሬ ሲያርስ አሮጌ ሳንቲም፣ ዶቃና የሸክላ ስባሪ እያገኘ ኖሯል። ግንቦቹ የተሠሩበት ድንጋይ ትልልቅ ስለሆነ እዚያም ግዙፍ ሰዎች ኖረውበታል ይባል ነበር። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2015 ቁፋሮ ጀመረ።

የወጣው ነገር ከተረቱ ይበልጣል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ ተገኘ፤ አሠራሩ በታንዛኒያ ደቡባዊ ጠረፍና በሶማሌላንድ ከሚገኙ መስጊዶች ጋር ይመሳሰላል። ከማልዲቭ፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ ዕቃ ተገኘ። የብርጭቆ ስባሪ፣ ዛጎል፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ የተመታ ሳንቲም ተገኘ። ጌጥ የሚሠራበት ቤት ተገኘ፤ ብርና ነሐስ እየቀለጠ፣ ዶቃ እየተበሳ የሚዋልበት። መቃብሩም ተቆፈረ። አጥንቱ የኔና የእናንተ ዓይነት ሰው አጥንት ነው። ግዙፍ አልነበረም።

ትልቅ የነበረው ንግዱ ነው። ከቻይና ባሕር የተነሳ ሳህን በድሬዳዋ ተራሮች ሥር እራት የቀረበበት ጊዜ ነበር። ይህን የመሰለ ታሪክ እያለን ልጆቻችንን «እዚያ አትሂድ፣ ጅን አለ» ብለን አሳደግናቸው።

▪️ ሾንኬ፦ ሰው ያልለቀቀው ከተማ

እንዲህ ዓይነቱ የድንጋይ ከተማ ሰው ባይለቀው ምን ይመስል ነበር ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ቅርብ ነው። በከሚሴ በኩል፣ በደዋ ጨፋ ወረዳ፣ ሾንኬ የሚባል የአርጎባ መንደር አለ። ተራራ አናት ላይ ተጠጋግተው የተሠሩ የድንጋይ ቤቶች ናቸው። ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ ከሩቅ ስታዩት ከተራራው ጋር አንድ ሆኖ ምሽግ ይመስላል። ሰዎቹ ሸማ ይሠራሉ፣ ያርሳሉ፣ ልጅ ይድራሉ። ቤቱን ማን ሠራው ብትሏቸው አያቶቻችን ይላሉ።

ልዩነቱን አያችሁ? በአንድ መሥመር ላይ፣ በጥቂት ሰዓት መንገድ፣ ሁለት ዓይነት የድንጋይ ሠፈር አለ። ሰው ያልለቀቀውን «አያቶቻችን ሠሩት» እንላለን። ሰው የለቀቀውን «ጅን ሠራው» እንላለን። ጅኑን የፈጠረው የነዋሪው መጥፋት ነው፤ ድንጋዩማ ያው ድንጋይ ነው።

▪️ በዓለምም እንዲህ ነው

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። የጥንት ግሪኮች የማይሲኒን ግንብ ሲያዩ ይህን ሰው አልሠራውም፣ ባለ አንድ ዓይን ግዙፎች ናቸው ብለው ነበር፤ የሠሩት ግን የራሳቸው ቀደምቶች ናቸው። ዓረቦች የሶርያዋን ታድሙር፣ ማለትም ፓልሚራን፣ ጅኖች ለሱለይማን የሠሯት ከተማ ናት ሲሉ ኖረዋል።

አንዳንዴ ግን ነገሩ የዋህነት አይደለም። የዚምባብዌን ታላቅ የድንጋይ ከተማ ነጭ ቅኝ ገዥዎች ሲያዩት ጥቁር ሕዝብ ሠራው ማለት አልፈለጉም። ፊንቄያውያን ናቸው አሉ፤ ሲጨንቃቸው የእኛኑ ንግሥተ ሳባ ጠቀሱ። ገርትሩድ ኬተን ቶምሰን የተባለች አርኪዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1929 ቆፍራ አፍሪካውያን እንደሠሩት አረጋገጠች። የሮዴዥያ መንግሥት ግን ከዚያም በኋላ ለዐሥርት ዓመታት ይህ እውነት በይፋ እንዳይነገር ሲጫን ኖሯል። ከተማው የማን እንደሆነ ከታወቀ አገሩ የማን እንደሆነ ይጠየቃላ!

ወደ አገር ቤት እንመለስ። ሶዶ ውስጥ ያሉት የጢያ ትክል ድንጋዮች በአካባቢው «የግራኝ ድንጋይ» ሲባሉ ኖረዋል። ሰይፍ ስለተቀረጸባቸው ነው። በተደረገው ቁፋሮ ግን ድንጋዮቹ መቃብር ላይ የቆሙ፣ ኢማም አሕመድ ሳይወለዱ ከ200 ዓመት በላይ ቀድመው የተተከሉ መሆናቸው ታውቋል። የአንድ ሕዝብ የመቃብር ጥበብ በአንድ የጦር መሪ ስም ተጠቅልሎ ጠፋ።

ላሊበላንም እናንሳ፤ በአክብሮት። በትውፊቱ መሠረት ቀን ቀን ሰዎች ይሠራሉ፣ ሌሊት መላእክት ይቀጥላሉ። የእምነቱን ትርጉም ለምእመኑ እንተወው። እኔ የምለው ትውፊቱ ራሱ የቀኑን ሥራ ለሰው ሰጥቷል። እኛ ስናወራው ግን የሌሊቱን ብቻ ይዘን የቀኑን ረሳነው። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ተመራማሪዎች ያጠኑት ከዐለቱ ተፈልፍሎ የወጣ የድንጋይ ፍርስራሽ ክምር አለ። ያንን በጀርባው ተሸክሞ ያወጣ ሰው ነበር። ትከሻው የተላጠ፣ ስሙ በየትኛውም ገድል ያልተጻፈ ሰው።

▪️ እጅ ያለው ሁሉ ቡዳ ነበር

ታዲያ ይህን ያህል ሠሪን የሚረሳ ባሕል ከየት መጣ? መልሱ ደስ አይልም። እኛ በቁሙም ሠሪውን ጋኔን ስንለው ኖረናል።

ብረት የሚቀጠቅጠውን ቡዳ አልነው። ሸክላ የምትሠራዋን ዓይኗን ፈራን። ቆዳ ፋቂውን ከማዕድ ለየነው። «መርበብተ ሰሎሞን» በሚባለው የክታብ ጽሑፍ ንጉሥ ሰሎሞን አጋንንትን፣ ዓሣ አጥማጅ ዓሣ በመረብ እንደሚይዝ፣ በስም ኃይል ይይዛቸዋል። በክታቦቻችን ላይ ከአጋንንቱ ጎን ለጎን ቡዳና ነሃቢ ይጠራሉ፤ ነሃቢ ማለት ብረት ሠሪ ነው። ማረሻውን የሠራልን ሰው በአንገታችን ባሰርነው ክታብ ላይ ከሰይጣን እኩል ተጽፏል።

ዐፄ ምኒልክ ይህ ነገር አገር እንደሚያጠፋ ገብቷቸው ነበር። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ባለ እጁን ሁሉ በሥራው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ አስታወቁ። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር፤ ሠሪ እየተሰደበ ሥራውን ትቶ እየሸሸ አገር እንዴት ይሠለጥናል? አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ ግን ዛሬም በሠርግ ድርድር ላይ በሹክሹክታ ይነሳል።

እንግዲህ አስቡት። በሕይወት እያለ ሰይጣን የተባለ ባለ እጅ ከሞተ በኋላ የሠራው ከተማ የሰይጣን ቢባል ምን ይገርማል? ጋኔኑ ወደ ፍርስራሹ የገባው ከሰማይ ወርዶ አይደለም፤ እኛ ከብረት ሠሪው ደጅ አንስተን ወስደን አስገባነው።

▪️ ጋኔን ሁለት ዕዳ ይሸከምልናል

እስካሁን ያየነው የሠሪውን ምስጋና ነው። ጋኔኑ ምስጋናውን ወሰደ። ግን ሌላም ነገር ወስዶልናል፤ የአፍራሹን ጥፋት።

ሐርላ እንዴት ጠፋ ሲባል «ፈጣሪ ተቆጣው» እንላለን። የይፋት ታሪክ ግን እንዲህ አይደለም። ከዓምደ ጽዮን ዘመን ጀምሮ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ጦርነት ነበር። ከተማ ተቃጠለ፣ እህል ወደመ፣ ከብት ተነዳ፤ ይህን ዜና መዋዕሉ ራሱ በኩራት ይናገራል። ከሌላውም ወገን ቤተ ክርስቲያን ተቃጥሏል፣ ሰው ተማርኳል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሱልጣን ሰዕደዲን ዘይላ ድረስ ተሳዶ ተገደለ። ቤተሰቡ ከስደት ተመልሶ ኃይሉን የገነባው በስተምሥራቅ፣ አዳል ውስጥ ነው። የንግዱም ሆነ የሥልጣኑ ማዕከል ከይፋት ለቀቀ። ከተሞቹ ባዶ ቀሩ፤ ባዶ ሲቀሩ ጅን ገባባቸው። ያጠፋቸው የሰው እጅ ነው፤ ሰውየው ግን በተረቱ ውስጥ የለም።

ይህ የሩቅ ታሪክ ነው የሚል ካለ እዚያው መንገድ ላይ ይቁም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች። ከነዚያ ከጠፉት ከተሞች ብዙ ሳትርቅ፣ በዚያው ይፋት፣ ከተማ ስትነድ በስልካችን አየን። ሱቅ፣ መኖሪያ ቤት፣ የሰው ልፋት ሁሉ። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ ምን ሲባል ሰማን? «ሰይጣን ገባ»፣ «ሰይጣን መሐላችን ቆመ»፣ «የክፉ ቀን ነገር ነው»። ይህን የምለው ማንኛውንም ወገን ለመክሰስ አይደለም፤ ያ የሕግና የፍርድ ቤት ሥራ ነው። የምለው እሳቱን የያዘው የሰው እጅ እንደነበረ ነው። ዛሬ በሰይጣን ካመካኘን ከ500 ዓመት በኋላ የሚመጣ ልጅ ከተቃጠለ ግድግዳ አጠገብ ቆሞ «እዚህ ጋኔን ይኖር ነበር» ይባላል። በሐርላ የሆነው ይኸው አይደል?

«ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ማለት በእርቅ ጊዜ ጥሩ ቃል ነው፤ ሰው ከሰው ያገናኛል፣ ፊት ያስመልሳል። ለታሪክ ግን መጥፎ ቃል ነው። በሽምግልና ላይ ያበረደልንን ነገር መጽሐፍ ውስጥ ካስገባነው ማንም ከምንም አይማርም።

▪️ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ድንጋዩን እንተወው። ባለቤት የለውም የተባለ ፍርስራሽ ለአጥርና ለቤት መሠረት ይወሰዳል። ጅን የሚጠብቀው ወርቅ አለበት ከተባለማ ሌሊት ይቆፈራል፤ መቃብሩ ይገለበጣል፣ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ይሰበራል። ወርቅ የለም። ያለው ስም ነው፤ ከተሰበረ የማይመለስ።

ሁለተኛ፣ አዛውንቶቹ እያሉ ወጉን እንጻፈው። ተረቱን አልናቅኩትም፤ እንዲያውም ለተመራማሪው መንገድ የሚያሳየው እሱ ነው። «ጅን አለበት» የተባለበት ቦታ ሁሉ ብዙውን ጊዜ ሰው የነበረበት ቦታ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሲፈልግ ሩቅ አይሂድ፤ አያቱን ይጠይቅ፣ ከዚያ ቦታውን ሄዶ ይይ።

ሦስተኛ፣ የትምህርት ቤት ልጅ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር ሲል ይፋትና ሐርላም ይበል። ይህ ለሙስሊሙ የሚሰጥ ስጦታ ወይም ከክርስቲያኑ የሚቀነስ ድርሻ አይደለም። ሁለቱ መንግሥታት ሲዋጉም፣ ሲነግዱም፣ ሲገባበሩም አንድ ታሪክ ነው የጻፉት። አንዱን ሰው፣ ሌላውን ጅን አድርጎ የሚነገር ታሪክ እውነት ሊሆን አይችልም።

መጨረሻ ላይ ስለ ፒያሳችን አንድ ነገር ልበል። ደሴን ዐፄ ዮሐንስ ስም አወጡላት፣ ንጉሥ ሚካኤል መናገሻ አደረጓት ይባላል፤ እውነት ነው። ፒያሳ የሚለው ቃል ግን ጣሊያንኛ ነው፣ አደባባይ ማለት ነው፤ ከአምስቱ ዓመት ወረራ የተረፈ ነው። ዛሬ አንድ አሮጌ ሕንፃ ወይም ድልድይ አሳይታችሁ ማን ሠራው ብትሉ «ጣሊያን» ይባላችኋል። ድንጋዩ ግን ከሚላኖ አልመጣም። ከዚሁ ተራራ ተፈነቀለ፣ የዚሁ አገር ሰው ጠረበው፣ ተሸከመው። ገና መቶ ዓመት ሳይሞላው የሠራተኛው ስም ጠፍቶ የአዛዡ ብቻ ቀርቷል። ሁለትና ሦስት መቶ ዓመት ቢጨመርበት ደግሞ አዛዡም ይረሳና ጅን ይባላል።

በአካባቢያችሁ «የጅን ቤት»፣ «የሐርላ ግንብ»፣ «የግራኝ ድንጋይ» የሚባል ቦታ ካለ ለልጃችሁ ስታሳዩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጨምሩበት፦ «ይህን የሠራው ሰው ነው፤ ያፈረሰውም ሰው ነው።»